ካቶሊካዊ ጥሪ በቤተሰብ ኑሮ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች

በካቶሊክ ትምህርት ትዳር መመሥረትም ልጅ ማሳደግም መንፈሳዊ ጥሪ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ሰነድ ቅድስና የተጠመቀ ሁሉ ድርሻ መሆኑን አስተማረ፤ ቤተሰብንም «የቤት ቤተክርስቲያን» አለው። ሲነበብ ቀላል ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲኖሩት ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ርቀቱ አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ቁምስና (የካቶሊክ አጥቢያ ቤተክርስቲያን) በየሰፈሩ አይገኝም ማለት ነው። ልጅ ታቅፎ፣ ታክሲ ቀያይሮ እሑድ ቅዳሴ መድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ የአዘቦት ቀን ጸሎት ወይ ቤት ውስጥ ነው ወይ መንገድ ላይ። አምስቱ የመቁጠሪያ ምሥጢራት፣ ማለትም የኢየሱስንና የማርያምን ሕይወት እያሰቡ በመቁጠሪያ የሚደገሙት የጸሎት ክፍሎች፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ። በማለዳ ለሥራ የወጣች እናት አውቶቡስ ውስጥ፣ መቁጠሪያውን ነጠላዋ ሥር ይዛ ትጨርሰዋለች። ማታ ደግሞ ሽሮው እየተንተከተከ አባት ይጀምራል፣ ልጆች ይቀበላሉ። ትንሹ ሦስተኛው ምሥጢር ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። መብራት ከሄደ ሻማ ነው።

ቤቱን ገዳም ላድርገው የሚል ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ ቤተሰቡንም ያማርራል። ቅዱስ ፍራንሲስ ደ ሳሌስ ይህን ገና በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጽፎታል፦ ባለትዳር በድህነት እንደሚኖር የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ንብረት አላፈራም ቢል ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 አብረው ቅዱሳን የተባሉት ፈረንሳዊ ባልና ሚስት ሉዊና ዜሊ ማርታንም ሥራ ነበራቸው። እሱ ሰዓት ሠሪ፣ እሷ ዳንቴል ሠሪ። ዘጠኝ ልጆች ወልደው አራቱ በልጅነታቸው ሞቱባቸው። የተረፉት አምስት ሴቶች ሁሉም መነኮሱ። ይህኛው የቤተሰብ ስኬት መለኪያ ተደርጎ ባይሰበክ ግን ደስ ይለኛል።

ብቻውን መዝለቅ ለሚከብደው የምእመናን ማኅበራት አሉ። የማርያም ሌጊዮን እ.ኤ.አ. በ1921 ደብሊን ውስጥ ተመሠረተ። ዓለማውያን ፍራንቸስካውያን፣ ማለትም ሳይመነኩሱ የአሲዚውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስ መንገድ የሚከተሉ ምእመናን፣ የዛሬ ደንባቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ያጸደቁትም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ናቸው። አባሉ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይማራል፣ ከዚያ በወንጌል ሊኖር ቃል ይገባል። የመነኩሴ መሐላ አይገባም። ትዳሩ፣ ሥራው፣ የቤት ኪራዩ ሁሉም ባሉበት ይቀጥላሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቅይጥ ትዳር ይመስለኛል። እዚህ ከተማ የካቶሊኩ የትዳር ጓደኛ ብዙ ጊዜ ኦርቶዶክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ የግእዝ ሥርዓት ተከታይ ካቶሊኮችንም ይመለከታል። በዚህ ሕግ ለእንዲህ ያለ ጋብቻ ፈቃድ ያስፈልጋል። ካቶሊኩ ወገን ልጆቹን በካቶሊክ እምነት ለማስጠመቅና ለማሳደግ የሚችለውን ሊያደርግ ቃል ይገባል፤ ሌላኛውም ይህን እንዲያውቅ ይደረጋል። የሚችለውን ነው የተባለው፤ ጓደኛውን አስገድዶ ወይም ትዳሩን አፍርሶ አይደለም። ገናም ፋሲካም ለካቶሊኩና ለኦርቶዶክሱ በየራሳቸው ቀን አብረው መዋላቸው ነገሩን ትንሽ ያቀለዋል። ክርስትናው የት ይነሣ የሚለው ግን አያቶችን ሁሉ ያስገባል። ከሠርግ በፊት ቢነጋገሩበት ይሻል ነበር፤ ብዙዎች የሚነጋገሩት ሕፃኑ አርባ ቀን ሊሞላው ሲል ነው።