ስለ ሰሜን ሸዋ የእርሻ መሬት ለውጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የዛሬ መቶ ዓመት 40 በመቶው የኢትዮጵያ መሬት ደን ነበር፤ ገበሬው ጨፍጭፎ ጨረሰው።»

ይህ አኃዝ በትምህርት ቤትና በስብሰባ ስለተደጋገመ እንደ እውነት ተቆጠረ እንጂ በልኬት የተገኘ አይደለም። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከውን የእንግሊዝ ልዑክ የመራው ሃሪስ ከአንኮበር በስተ ምዕራብ ያለውን ደጋ የጻፈው እርሻና ግጦሽ የተንጣለለበት፣ ዛፍ የራቀው ሜዳ አድርጎ ነው። የወፍ ዋሻን የመሰለው ደን ያለው በገደላማው አፋፍ ላይ ሲሆን፣ እርሱ በምንጣሮ መጎዳቱ አይካድም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ሜዳ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ስለተስፋፋ፣ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ዛፍ የሚታይበት ቦታ ብዙ ነው። የጠፋውንና የተተከለውን ሳንለይ ገበሬውን መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ገበሬው አያቱ ባረሱበት መንገድ ብቻ ያርሳል።»

የደጋው ገበሬ ለረጅም ዓመታት ጦም ያደረን መሬት አርሶ፣ አፈሩን ከምሮና አቃጥሎ ገብስ ይዘራበት ነበር። ማቃጠሉ ለጊዜው ምርት ቢሰጥም የአፈሩን ብስባሽ ስለሚያጠፋ መሬቱ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ማረፍ ነበረበት፤ የቤተሰቡ ይዞታ እየጠበበ ሲሄድ ይህን ያህል ማሳረፍ አልተቻለም፤ አሠራሩም እየቀረ መጣ። በሞረትና ጅሩ ወረዳ ደግሞ ክረምት ሲገባ ውኃ የሚያቁረውን መረሬ የተባለ ጥቁር አፈር ለማጠንፈፍ፣ የእነዋሪ አካባቢ ቤተሰቦች ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ሲያዘጋጁ፣ ገበሬው በእጁ ይሠራው የነበረውን ሥራ ማቅለላቸው ነበር። ስንዴው ያንን መሬት እንዲህ የሞላው፣ ገለባውም የጅሩን ሰንጋ የሚያደልበው ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ነው፤ ይህ እውቀት ሊከበር ይገባዋል።

«የጋራ መሬት ባለቤት ስለሌለው መራቆቱ አይቀርም።»

ጓሳ የተባለው የመንዝ የሣር ምድር ይህን ያስተባብላል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ባለ ርስቶች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ከልክለው፣ ሲደርስ ለክዳንና ለከብት መኖ በጋራ ያጭዱት ነበር። ሥርዓቱ በርስት ላይ የቆመ ስለነበር የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ክልከላውም ላላ፤ ግጦሹና አጨዳው ከልክ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ማኅበረሰቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ ስላቋቋመ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በጓሳ ይኖራሉ። ያራቆተው የጋራ መሆኑ ሳይሆን ጠባቂው ሥርዓት መፍረሱ ነበር።

«ባሕር ዛፍ የሚተክል ገበሬ እርሻ የሰለቸው ነው።»

ይህን የሚል ሰው የቤተሰቡን ሒሳብ አላየም። የደጋ ማሳ ውርጭ ይመታዋል፤ በልጉም አንዳንድ ዓመት ጨርሶ ይቀራል። ባሕር ዛፍ ግን ማዳበሪያ ሳይጠይቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ለልጅ ትምህርትም ሆነ ለሕክምና ገንዘብ ባስፈለገ ጊዜ ተቆርጦ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይሸጣል፤ ጉልበት ላጣ አዛውንትም መጦሪያ ነው። ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ጥግ ለጥግ ያለውን የጎረቤት ሰብል ውኃና ብርሃን ስለሚሻማ፣ የት ይተከል የሚለው ከድንበርተኛው ጋር አስቀድሞ ሊመከርበት የሚገባ ጉዳይ ነው።