ዝሆን የሚገድለው የምች ዘመድና ክትባቱ

ሐረር ላይ ስለ አውሬ ከተነሳ ወሬው ሁሉ ጅብ ነው። እንግዳ ሲመጣም ማታ የምንወስደው ጅብ ሲበላ ለማሳየት ነው። ዝሆን መኖሩን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በባቢሌ በኩል ወደ ኤረር ሸለቆ ከወረዱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የዝሆን መጠለያ አለ፣ ከተቋቋመም ቆይቷል፣ ከ1970 ጀምሮ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚህ የማወራው ግን በዋናነት ስለ እስያ ዝሆኖች ነው። ግልገሎቻቸውን የሚጨርስ አንድ ቫይረስ አለና።

ስሙ ረጅም ስለሆነ ባለሙያዎቹም አሳጥረው ኢኢኤችቪ ይሉታል። ዘሩ ሄርፒስ ነው። ሄርፒስን ደግሞ እናውቀዋለን፦ ከንፈር ላይ ፈንድቶ ዳማከሴ የሚያስፈልገን ያ ምች የዚህ ቤተሰብ ነው፣ ጉድፍና አልማዝ ባለጭራም እንደዚሁ። የዝሆኑ የሩቅ ዘመዳቸው ነው። የቤተሰቡ ጠባይ አንድ ነው፤ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ተደብቆ ይኖራል፣ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል።

ትልልቆቹ ዝሆኖች ብዙዎቹ ተሸክመውት ይኖራሉ፣ ምንም አይሆኑም። ከኩምቢያቸው በሚወጣው ፈሳሽ ግን ለሌላው ይተርፋል። ግልገሉ ሲወለድ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ አለው፤ ያ እየሳሳ ሲሄድ የራሱን ገና ካልገነባ አደጋው ያኔ ነው። ብዙዎቹ የሚሞቱት ከ1 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ቫይረሱ የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ያጠቃል፣ ደሙ ወደ ውስጥ ይፈሳል፣ ልብ ይደክማል። ጠዋት ሲጫወት የነበረ ግልገል ይደበታል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ምላሱ ይጠቁራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊያልቅለት ይችላል። እናቱ 22 ወር አርግዛ የወለደችውን ማለት ነው።

በሽታው የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1995 ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ኩማሪ የምትባል የ16 ወር ግልገል ሞተች። ምክንያቱ ሲፈተሽ አዲስ ሄርፒስ ተገኘ፣ ግኝቱም በ1999 ታተመ። በኋላ በህንድ ጫካዎች በሚኖሩ ዝሆኖች ላይም ታይቷል፤ ስለዚህ የታጎረ እንስሳ በሽታ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

መድኃኒት የለም ወይ? ለሰው ሄርፒስ የሚሰጠው ይሞከራል። የታመመ ግልገል አልውጥም ካለ ደግሞ በፊንጢጣ ይሰጠዋል (ለሠራተኞቹ እዘንላቸው)። ፈሳሽና ከትልቅ ዝሆን የተወሰደ ፕላዝማም (ሕዋሳቱ የተለዩለት የደም ውሃ) ይጨመርለታል። ይህ ሁሉ የሚረዳው ግን ቶሎ ከተደረሰበት ነው፤ ለዚህ ሲባል በየማቆያው ግልገሎች ደም ለመስጠት እንዲታገሡ ይለማመዳሉ፣ በየሳምንቱም ይመረመራሉ።

እንግዲህ ክትባት ይሠራ ከተባለ ምን ይከብዳል? የደስታ በሽታን እናስታውስ። ያ በክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ አገሩን ያስራበው በሽታ በክትባት ከዓለም ጠፍቷል፣ በ2011 ታወጀ። የዚያ ቫይረስ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ በሕዋስ ላይ ይራባል፣ እያራቡ ማዳከም ይቻላል። ኢኢኤችቪ እስካሁን እንዲህ አልራባ ብሏል። ሌላም አለ፤ ክትባቱን ሰጥተህ፣ ከዚያ ቫይረሱን ወግተህ፣ ይድን እንደሆነ ልየው ብለህ በዝሆን አትሞክርም። ማን ይፈቅዳል? ስለዚህ መንገዱ የቫይረሱን ገላ ሳይሆን አንዳንድ ፕሮቲኖቹን ብቻ ለሰውነት ማሳየት ነው፤ መሥራቱም የሚለካው በደም ናሙና ነው።

ሁለት ቡድኖች በሁለት መንገድ ሄደውበታል። አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ የከተማው የእንስሳት ማቆያና ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ አብረው ለዓመታት ሠርተው የኤምአርኤንኤ ክትባት አዘጋጁ፤ በኮቪድ ጊዜ ስሙ የተለመደው፣ ሰውነት ራሱ ፕሮቲኑን እንዲሠራ መመሪያ የሚሰጥ ዘዴ ነው። መጀመሪያ በአይጥ ተሞከረ፣ ከዚያ በሰኔ 2024 ቴስ የምትባል የ40 ዓመት ዝሆን ተወጋች። ትልቅ ዝሆን የተመረጠችው ያለ ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ የሚታየው ጉዳት ማድረስ አለማድረሱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የቼስተር የእንስሳት ማቆያ ከሰሪ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሌላ ሞከረ። እዚያ የቫይረሱን ፕሮቲን የሚሸከመው ሌላ የተዳከመ ቫይረስ ነው፣ በኋላ ማጠናከሪያ ይከተላል። ሦስት ትልልቅ ዝሆኖች ተከትበው ሰውነታቸው ምላሽ መስጠቱ ታየ፣ ውጤቱም በ2025 ወጣ። እንግዲህ ምላሽ መስጠትና ግልገል ማዳን አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛውን ለማወቅ የተከተቡ ግልገሎችን በዓመታት መከታተል ግድ ነው።

ወደ ባቢሌ ስንመለስ፣ የአፍሪካ ዝሆንም የራሱ የኢኢኤችቪ ዓይነቶች አሉት። ድሮ እምብዛም አይገድሉትም ይባል ነበር፤ በ2019 ግን አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ሁለት ወጣት የአፍሪካ ዝሆኖች ሞቱ። የባቢሌዎቹ ትልቁ ጭንቅ አሁን ሰው ነው፦ እርሻው ወደ ሸለቆው ይገባል፣ እንጨቱ ይቆረጣል፣ ጥርሳቸውም ይፈለጋል። ክትባቱ ነገ ቢደርስ እንኳ ለነሱ አልተሠራም። በዋናነት የታለመው የእስያ ዝሆኖችን በብዛት በሚገድለው ዓይነት ላይ ነው፣ የአፍሪካዎቹ ደግሞ ሌላ ነው። ከዚያ በላይ፣ ኤረር ሸለቆ ውስጥ ከእናቱ ጎን የማይለይን ግልገል ማን ጠጋ ብሎ ይወጋዋል?