የጥናት ክፍተት ምንድን ነው? ከተማ ግን አይደለም

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ገብቼ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። «የማስተርስ ርዕስ ከነክፍተቱ እናዘጋጃለን» ይላል። ከነክፍተቱ! ዶሮ ከነእንቁላሉ እንደሚባለው። ሳቄን ይዤ ወጣሁ። ቢሮ ስደርስ ግን ጠረጴዛዬ ላይ የሚጠብቀኝ ፕሮፖዛል ሳቄን አጠፋው። «እስከማውቀው ድረስ በአዳማ ከተማ በዚህ ርዕስ ላይ የተሠራ ጥናት የለም። ስለሆነም ይህ ጥናት ክፍተቱን ይሞላል።» በዚህ ሴሚስተር ይህቺን ነገር ስንቴ እንዳነበብኳት መቁጠር ትቻለሁ።

ፕሮፖዛል አጻጻፍ ውስጥ አልገባም፤ መመሪያ አለ። የምጽፈው ስለ አንዲት ቃል ነው። ክፍተት፣ ወይም ሁላችንም እንደምንላት ሪሰርች ጋፕ።

ክፍተት ማለት እስከ ዛሬ የታወቀውን ሁሉ ይዘህ ብትቀመጥም መልሱን አስቀድመህ ልትገምተው የማትችል ጥያቄ ነው። መልሱን የሚፈልግ ሰውም ሊኖር ይገባል። ማንም ያልረገጠው ቦታ ማለት አይደለም። ማንም ያልረገጠው እኮ የሚያስኬድ ጉዳይ ስለሌለ ሊሆን ይችላል።

አንድ አሠልጣኝ ስላይድ ከፍቶ «ጥሩ ርዕስ ውሰድ፣ ከተማውን ቀይር፣ ክፍተት አገኘህ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ይጽፋል። ወንድሜ፣ እስቲ በንፍሮ እንነጋገር።

የሽምብራ ንፍሮ አዲስ አበባ ተቀቅሏል። ሐዋሳም ተቀቅሏል። እኔ ባለፈው ወር በገዛኋት ድስት ግን ተቀቅሎ አያውቅም። ይህ ክፍተት ነው? ጎረቤት ሰብስቤ «እስከማውቀው ድረስ በዚህች ድስት…» ብል ምን ይሉኛል?

ጥያቄውን ብንቀይረውስ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች። አዳማ ከ1,600 ትንሽ ከፍ ብትል ነው። አዲስ አበባ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እዚህ አዳማ ወደ 95 ይጠጋል። ስለዚህ ያው ሽምብራ እኛ ጋ ቶሎ ይበስላል። አያችሁ፣ አሁን ቦታው መልሱን ለወጠው። የለወጠው ግን «አዳማ» የሚለው ስም ሳይሆን የአየር ግፊቱ ነው። ፕሬዠር ኩከር ካመጣህ ከተማዋ ከጨዋታው ትወጣለች። (ሽምብራው የከረመ ከሆነ ደግሞ የትም ይሁን የት ይዘገያል። ውኃው ካልሲየም ከበዛበትም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱን ከተሞች የምታወዳድር ከሆነ ሽምብራውን ከአንድ ጆንያ፣ ውኃውን ከአንድ ጀሪካን ቅዳ፤ ክዳኑንም አትርሳ። ምሳሌ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ የሙያ በሽታ ነው።)

ወደ ፕሮፖዛሉ ልመለስ። ሐሳቡ ዋልካ አፈርን በባጋስ አመድ ማጠንከር ነው። ባጋስ አገዳ ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ ነው። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ናት፤ ስኳር ፋብሪካ ገለባውን ለቦይለር ያነደዋል፣ አመዱ ይተርፋል። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የላዩን መንገድ ይዞት ይሄዳል። አመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ኖራ ሲያገኝ ቀስ ብሎ እንደ ሲሚንቶ ያያይዘዋል። ይህ ሕንድም ተሞክሯል፣ እኛም አገር ተሞክሯል። የሸክላው ዓይነት አንድ ከሆነ የአዳማ ዋልካ ለምን የተለየ ነገር ያደርጋል?

«ዶክተር፣ በአዳማ ግን አልተሠራም እኮ» አለች ፕሮፖዛሉን የጻፈችው ልጅ።

«ስንት ጉድጓድ ታስቆፍሪያለሽ?»

«ሦስት።»

እንግዲያው የምታጠናው ሦስት ጉድጓድ ነው፤ አዳማን አይደለም። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። አንዱ ጋ ዋልካ ነው፣ ሌላው ጋ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ያገኘኸውን ሦስት ሜትር ላይ ላታገኘው ትችላለህ። ክፍተቴ ከተማዋ ናት ያለ ሰው ከተማዋን ሊቆፍር ነው።

ይልቅ ያነበበቻቸውን ጥናቶች ጎን ለጎን እንድትደረድር ነገርኳት። አንዱ ይበቃል ያለውን የአመድ መጠን ሌላው እጥፍ ያደርገዋል። ለምን? ብዙዎቹ «አመድ» ብለው ያልፋሉ። በስንት ዲግሪ ነደደ? ምን ያህል ደቀቀ? ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ስንት አለበት? ይህ ሳይታወቅ የአንዱን ውጤት ከሌላው ማስታረቅ አይቻልም። ሌላም አለ። ሲቢአር፣ ማለትም አፈሩ የመንገድ ጭነት ምን ያህል እንደሚችል የሚለካው ፈተና፣ ናሙናው አራት ቀን ውኃ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። መንገዱ ግን ክረምት እየራሰ፣ በጋ እየደረቀ ዓመታት ይቀመጣል። የአራቱ ቀን ቁጥር ስለዚያ ብዙ አይነግርህም።

ቦታ በጭራሽ ክፍተት አይሆንም አላልኩም። ፍሎራይድን ውሰዱ፤ የውኃ ሰዎች ሙያ ነው፣ እኔ የአፈር ሰው ነኝ፣ ግን ምሳሌው ግሩም ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በወንጂ አካባቢ ጥርሱ የበለዘ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። አንድ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ፍሎራይድ ብቻ በተጨመረበት ንጹሕ ውኃ ተፈትኖ አለፈ እንበል። የእኛ ውኃ ባይካርቦኔት የበዛበት፣ አልካላይን ውኃ ነው፤ ባይካርቦኔቱም ማጣሪያው ላይ ከፍሎራይዱ ጋር ቦታ ይሻማል። የላቦራቶሪውን ቁጥር ይዘህ እዚህም ይሠራል ብለህ አትምልም። እዚህ ላይ ቦታው ምክንያቱን ይዞ ነው የመጣው።

የሰው ጥናት መድገምም ነውር አይደለም። ማስተርስ ዓለምን ያስደንቅ ያለ የለም። «የእነ እገሌ ውጤት በእኛ አፈር ይደገማል ወይ ልፈትሽ ነው» ብለህ ጻፍ፤ እኔ በደስታ እፈርማለሁ። ክፍተት ሞላሁ አትበለኝ እንጂ።

ልጅቷ ትናንት ተመልሳ መጣች። ርዕስ አላመጣችም። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ አመድ ይዛለች፣ ክዳናቸው ላይ በእስክሪብቶ «ሀ» እና «ለ» ተጽፏል። አንዱ ግራጫ ነው፣ ሌላው ከሰል የመሰለ ጥቁር።

«ሁለቱም ከአንድ ክምር ናቸው፣ በአንድ ቀን ነው የወሰድኳቸው» አለች። «ለምን ተለያዩ?»

ጥቁሩ በደንብ ያልነደደው ነው፣ ካርቦን ነው አልኳት። «እሺ፣ ስንት ካርቦን ሲኖርበት ነው ለአፈሩ የማይሆነው?» አለችኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና አብረን ወረቀት መፈለግ ጀመርን።