የባቡር ኩሽኔታ ሳጥን ክዳን እና ሞላው፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

እኔ አሜሪካ ውስጥ አንድ የድሮ ባቡር ሙዚየም ውስጥ እሁድ እሁድ በነጻ እሠራለሁ፣ በፊት አዲስ አበባ ጋራዥ ነበርኩና እጄ ዘይት ካልነካ ደስ አይለኝም። ሀበሻ ጓደኞቼ ሊያዩ ሲመጡ ሁሉም ሎኮሞቲቩ ጋ ሄደው ፎቶ ይነሳሉ፣ እኔ ደሞ እየጎተትኩ ወደ ዕቃ ፉርጎው እግር እወስዳቸዋለሁ። እዛ ከእያንዳንዱ ጎማ ውጪ (ብረት ነው ግን ያው ጎማ ነው የምንለው) ሁለት መዳፍ የምታክል ወፍራም የብረት ክዳን አለች። ከጀርባዋ ሳጥን አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ የአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው ዘንግ) ጫፍ ገብቷል፣ አክስሉ ላይ የነሃስ ኩሽኔታ (አክስሉ ሲዞር ክብደቱን የሚሸከመው ቁራጭ) ተቀምጧል፣ ከሥሩ ደሞ ዘይት የጠጣ የክር ጥራጊ ታጭቋል። ክዳኗ ከላይ በኩል በፒን ታስራለች፣ ፒኑ ጋ ሞላ አለ። ስለዚች ክዳንና ስለ ሞላዋ የሚባሉኝን ነገሮች ሰብስቤ ልመልስ ብዬ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

የመጀመሪያው ሁሌ የሚመጣው «ፉርጎውን የተሸከመው ሞላ ይሄ ነው?» የሚለው ነው። አይደለም። ጭነቱን የሚሸከሙት መሃል ላይ ያሉት ወፋፍራም ጥምዝ ሞላዎች ናቸው፣ እነሱን ከሩቅም ታዩዋቸዋላችሁ። የክዳኗ ሞላ የሚሸከመው ምንም ጭነት የለም፣ ሥራው ክዳኗን መያዝ ብቻ ነው። አንዳንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ልክ የመኪና ባሌስትራ አንድ ቅጠል ቆርጠው ክዳኗ ውስጥ በኩል የሰኩት ይመስላል፣ አንዳንዱ ደሞ ፒኑ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው።

ቀጥሎ «ክዳኗ ዘይቱ እንዳይፈስ ነው» ይላሉ። ይሄኛው ምክንያታዊ ይመስላል፣ እኔም ራሴ መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያሰብኩት። ግን ስትከፍቱት ዘይቱ ያለው ከታች ነው፣ ከክዳኗ አፍ በታች፣ ፉርጎው ቆሞ ክዳኗን ብታወልቋትም ዘይቱ እዛው ይቆያል። ክዳኗ የምትጠብቀው ከውጪ የሚገባውን ነው፦ አሸዋ፣ የድንጋይ ከሰል ብናኝ፣ ዝናብ፣ በረዶ። የኩሽኔታው ሆድ በባቢት የተለበጠ ነው፣ ባቢት ማለት አይዛክ ባቢት የሚባል አሜሪካዊ በ1839 ያመጣው ለስላሳ ቅይጥ ብረት ነው፣ ለስላሳነቱ አክስሉን እንዳይጎዳ ጥሩ ነው ግን አሸዋ ከገባ ፍሬዋ ባቢቱ ውስጥ ተሰክታ ትቀርና አክስሉን እንደ ሞረድ ትበላዋለች። ውሃ ደሞ ሌላ ተንኮል አለው። ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ክር ጥራጊው ደሞ የሚጠጣው ከታች ነው፣ ስለዚ ዘይት መጥቶ አክስሉን ማርጠብ ሲገባው ውሃ ይመጣል። በክረምት ያ ውሃ ይበረዳል፣ ጥራጊው ድንጋይ ይሆናል፣ ባቡሩ ሲነሳ አክስሉ በደረቁ ይዞራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሳልረሳው፣ «ኩሽኔታው አክስሉን ዙሪያውን ይከበዋል» የሚሉም አሉ፣ እንደ መኪና ኩሽኔታ እያሰቡ። የለም፣ ከላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ እንደ ኮርቻ። ክብደቱ የሚመጣው ከላይ ነዋ፣ ከታች ምን ሊሠራ። የታችኛው ግማሽ ለዘይት ክፍት ነው፣ ለዛም ነው ወደዛ የሚገባ ቆሻሻ በቀጥታ ዘይት ላይ የሚወድቀው።

አሁን ወደምወደው ጥያቄ ልምጣ። «ማጠፊያው ከላይ ከሆነ ክዳኗ በራሷ ክብደት ትዘጋ የለ፣ ሞላ ምን ያደርጋል?» ጎበዝ ጥያቄ ነው። ፉርጎው ቆሞ ከሆነ እውነት ነው፣ ትዘጋለች። ግን ሲሄድ አስቡት። ይሄ የኩሽኔታ ሳጥን እኮ ከሐዲዱ ጋር ምንም ሞላ የማይለየው ቦታ ላይ ነው ያለው፦ ሐዲድ፣ ጎማ፣ አክስል፣ ኩሽኔታ፣ ሳጥን፣ ሁሉም ብረት በብረት። ጭነቱ ከወፋፍራሞቹ ሞላዎች በላይ ተመቻችቶ ይሄዳል፣ ሳጥኑ ግን እያንዳንዷን ምት ይበላል። የድሮው የአሜሪካ ሐዲድ አንድ ቁራጭ 39 ጫማ ነበር፣ ወደ 11.9 ሜትር፣ በየቁራጩ መገጣጠሚያ አለ፣ በየመገጣጠሚያው ጓ ይላል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብታሰሉት አንድ ጎማ በሰዓት ወደ 5,000 ጊዜ ይመታል። ባዶውን የተንጠለጠለ ክዳን በዛ ምት የፈላ ድስት ክዳን ነው የሚሆነው፣ ይነሳል ይወድቃል፣ በተነሳ ቁጥር አቧራ ይገባል፣ በወደቀ ቁጥር ፒኑን ያሰፋዋል። ሞላው ያንን ነው የሚያስቆመው።

ግን ደሞ ሞላው ሁለተኛ ሥራ አለው እና ይሄን ማንም አይገምተውም። ክዳኗን አንስታችሁ ወደ ላይ ስትገፏት የሆነ ቦታ ላይ ቀጥ ትልና ክፍት ሆና ትቆማለች፣ ማንም ሳይዛት። «ተበላሽታ ነው» አለኝ አንዱ፣ «አልዘጋ አለች»። አልተበላሸችም! ሰንጢ ታውቃላችሁ አይደል፣ ያ ታጣፊው ቢላ። ታጥፎ ሲሆን ሞላው ይዞ ያስቀምጠዋል፣ ስትከፍቱት መሃል ላይ ይታገላችኋል፣ ከዛ ቀጭ ብሎ ተከፍቶ ይቆያል። አንድ ሞላ ነው፣ ሁለት ቦታ ላይ ይይዛል። የክዳኗም ጨዋታ ከሱ ብዙ አይርቅም። ሞላው የሚገፋው ሳጥኑ ላይ ያለውን የማጠፊያ ጆሮ ነው፣ ክዳኗ ዝግ ስትሆን የሚገፋበት መስመር ከፒኑ በአንዱ ጎን ያልፋል፣ ስለዚ ክዳኗን ወደ ሳጥኑ ያዞራታል። ስታነሷት መስመሩ ወደ ፒኑ እየተጠጋ ይመጣል፣ አንድ ቦታ ላይ ልክ በፒኑ መሃል ያልፋል፣ እዛጋ ሞላው ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ምንም አያዞርም፣ ከዛ ትንሽ ካለፈ በሌላኛው ጎን ይሻገርና ያው የሚዘጋው ሞላ አሁን ክፍት አድርጎ ይይዛል። ለምን አስፈለገ? ሠራተኛው ሁለት እጅ ስለሚያስፈልገው ነው። አንድ እጁ መንጠቆ ይዞ ጥራጊውን ያስተካክላል፣ ሌላው የዘይት ጣሳ ይዟል፣ ክዳን የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውም።

በነገራችን ላይ ያ መሃለኛ ቦታ ጣት የሚበላው እሱ ነው። ክዳኗን ግማሽ ድረስ አንስታችሁ አስተማማኝ መስሏችሁ ብትለቋት በኃይል ትመለሳለች። የግራ ጠቋሚ ጣቴ ጥፍር ሁለት ወር ጥቁር ነበር፣ ከዛ ወዲህ ወይ እስከ መጨረሻ እከፍታለሁ ወይ አልነካም።

«እንግዲያው ሞላውን አጠንክሮ መሥራት ነው» የሚለው የጋራዥ ሰው አስተሳሰብ ነው፣ እኔም ከዛው ስለመጣሁ ገባኝ። ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። አንድ ባለ አራት አክስል ፉርጎ 8 ክዳን አለው፣ 100 ፉርጎ ያለው ባቡር 800 ክዳን። በብርድ፣ በሌሊት፣ በፋኖስ እነዛን ሁሉ ከፍቶ እያየ የሚሄድ ሰው ነበር፣ እያንዳንዷ ክዳን ትግል ከሆነችበት አስረኛዋ ላይ ተሰላችቶ ያልፋታል፣ ያለፋት ደሞ የደረቀችዋ ትሆናለች። ሌላው ነገር ጠንካራ ሞላ የሚፈልገውን ቦታ አይገፋም። እስቲ ለምሳሌ ሞላው በ200 ኒውተን ገፋ እንበል፣ ከፒኑ 2 ሳንቲም ሜትር ርቆ። የክዳኗ የታችኛው ጫፍ ከፒኑ 20 ሳንቲም ሜትር ቢርቅ እዛ የሚደርሰው 20 ኒውተን ነው፣ ሁለት ኪሎ ዕቃ እንደ መደገፍ ማለት፣ በቃ። የቀረው ጉልበት የሚሄደው ፒኑንና ጆሮውን ለመብላት ነው። አንድ የማውቀው ሰው ለሚጠግነው ፉርጎ ከጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጦ ወፍራም ሞላ ሠራ፣ ያምር ነበር እውነቱን ለመናገር፣ ግን የሳጥኑን ጆሮ ሰነጠቀው። ሞላ በአምስት ደቂቃ ይቀየራል፣ ጆሮው ግን የሳጥኑ አካል ነው፣ አብሮ የተቀለጠ ብረት ነው። መፍትሄው ሞላ ማወፈር ሳይሆን ግፊቱ ወደ ክዳኗ መሃል እንዲደርስና ክዳኗ ትንሽ ጨዋታ ኖሯት ራሷን አፉ ላይ እንድታደላድል ማድረግ ነው፣ እንደዛ ታስበው የተሠሩ ክዳኖች አሉ።

«ክዳን ክዳን ነው፣ የአንዱ ለአንዱ ይሆናል» ለሚሉ፦ በ1867 የተቋቋመው የአሜሪካ የፉርጎ ሠሪዎች ማኅበር ስታንዳርድ ሲያወጣ የነበረው ፉርጎ በሰው ሐዲድ ሺህ ማይል ርቆ ሲበላሽ እዛ ያለው ጋራዥ ዕቃ እንዲያገኝለት ነው። ግን ስታንዳርዱ በመጠን በመጠን ነው። የአክስሉ ጫፍ (ውፍረቱ በርዝመቱ) 5 በ9 ኢንች ከሆነ አንድ ነው፣ 5 ተኩል በ10 ከሆነ ሌላ ነው። ሌላ አገርማ ጭራሽ ሌላ ነው፦ የእንግሊዝ የድሮ ፉርጎ የግራሶ ሳጥን ነበረው፣ ክዳኑ ከላይ ነው፣ ግራሶው ሲሞቅ እየቀለጠ ወደ አክስሉ ይወርዳል። የኛ የለገሃር ባቡርም በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የገባው በፈረንሳዮች ነው፣ የሐዲዱም ስፋት 1 ሜትር ነው፣ የአሜሪካ ክዳን እዛ ይገጥማል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ይቅርበት።

«እነዚህ የድሮ ኩሽኔታዎች ብረት በብረት ይፈጩ ነበር፣ ለዛ ነው የቀሩት»። ስሙ ነው ያሳሳተው፣ በእንግሊዝኛ የፍሪክሽን ኩሽኔታ ይሏቸዋል፣ ግን በደንብ ሲሄዱ አክስሉ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፣ ባቢቱን አይነካውም። የሚቸገሩት ሲነሱ ነው፣ ፉርጎው ሲቆም ዘይቱ ከመሃል ይጨመቅና ይወጣል። ባለ ሮለር ኩሽኔታ (አክስሉ በተንከባላይ ብረቶች ላይ የሚዞርበት) እዛ ላይ ነው የበለጣቸው፣ የሮለር ኩሽኔታ ሠሪው ቲምከን በ1930 ሁሉም አክስሉ ላይ ሮለር የገጠመ ሎኮሞቲቭ አሠርቶ ጥቂት ሰዎች በእጃቸው እንዲጎትቱት አድርጎ ፎቶ ያስነሳው ለዛ ነው። ሁለተኛው ብልጫው ደሞ የታሸገ መሆኑ ነው፣ በየጊዜው የሚከፈት ክዳን የለውም፣ ሞላም የለውም።

እዚህ ላይ አንድ መለያ ልንገራችሁ፣ ሮለሩ ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ነገር አይተው «ያው ክዳኑ» የሚሉ አሉና። ባቡሩ ሲሄድ እዩት፦ ሦስት ብሎን ያለው ክብ ነገር አብሮ የሚሽከረከር ከሆነ ሮለር ነው፣ እሱ አክስሉ ላይ ነው የታሰረው። የድሮዋ ክዳን ግን ንቅንቅ አትልም።

«ቢሞቅ ምን ይሆናል፣ ትንሽ ይጨሳል» ለሚለው አንድ ነገር ብቻ። ኖቬምበር 10 ቀን 1979 እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ካናዳ ሚሲሳጋ ውስጥ 106 ፉርጎ የሚጎትት ባቡር ላይ 33ኛው ፉርጎ የዚሁ የድሮ ዓይነት ኩሽኔታው ዘይት አጥቶ ጋለና አክስሉ ወለቀ፣ ፉርጎዎቹ ተገለበጡ፣ ፕሮፔን ፈነዳ፣ ክሎሪን የጫነ ታንከር ተበሳ፣ ከ200,000 በላይ ሰው ከቤቱ ወጣ። ሰው አልሞተም፣ ተአምር ነው። ክዳን ነው ጥፋተኛው እያልኩ አይደለም፣ ደርቆ የሄደ ኩሽኔታ የት ድረስ እንደሚያደርስ ለማሳየት ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ከኩባንያ ኩባንያ የሚዘዋወር ፉርጎ ላይ ይሄ የድሮ ዓይነት ኩሽኔታ የተከለከለ ነው።

የመጨረሻው የራሳችን የሙዚየም ሰዎች ስህተት ነው፦ «ክዳኑ ተዘግቷል፣ ስለዚ ሞላው ደህና ነው»። ከላይ እንዳልኩት ፉርጎ ቆሞ ሲሆን ሞላው ቢሞትም ክዳኗ ተዘግታ ነው የምትታየው። መፈተሻው ቀላል ነው፣ የታችኛውን ጫፍ በአንድ ጣት ወደ ራስ ሳብ ማድረግ። ካገራገረችና መልሳ ጥብቅ ካለች ደህና ናት፣ ቀጭል ቀጭል ካለች ሞላው ወይ ተሰብሯል ወይ ደክሟል። ከዛ እስከ ላይ አንስታችሁ ልቀቋት፣ ካልቆመች ያው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ፉርጎ ላይ 8ቱንም እንደዛ ፈተሽን፣ ሁሉም ዝግ ነበሩ፣ ሦስቱ ተንቀጫቀጩ። አንዷን ስከፍት ውስጧ የወፍ ጎጆ አገኘሁ። ለሁለቱ ከሞተ ፉርጎ ላይ ሞላ አውጥተን ገጠምን፣ ሦስተኛዋ መጠኗ ስላልተገኘ እስካሁን በሽቦ ታስራ ነው ያለችው።