ሮንጌላፕ፦ የጦር መርከቧ በሦስተኛው ቀን የደረሰችላት ደሴት

ሮንጌላፕ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ በማርሻል ደሴቶች ሰሜናዊ ክፍል የምትገኝ አቶል ናት። አቶል የሚባለው ከኮራል የተሠሩ ትንንሽ ደሴቶች እንደ ቀለበት ዙሪያውን ሆነው መሃላቸው ጸጥ ያለ ባሕር ሲይዙ ነው። ሰዎቹ በዓሣና በኮኮናት ይኖሩ ነበር። የሚጠጡትም የዝናብ ውሃ አጠራቅመው ነበር። ይቺን የውሃ ነገር ያዙልኝ።

አሜሪካ ከ1946 እስከ 1958 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማርሻል ደሴቶች 67 የኑክሌር ሙከራዎች አድርጋለች። ከሁሉም ትልቁ ብራቮ ይባላል። ማርች 1 ቀን 1954፣ በእኛ የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 ላይ ቢኪኒ አቶል ላይ ፈነዳ። ይወጣዋል የተባለው ኃይል 6 ሜጋቶን ገደማ ነበር (አንድ ሜጋቶን የአንድ ሚሊዮን ቶን ፈንጂ ኃይል ነው)፤ የወጣው ግን 15። ምክንያቱ ሊቲየም የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ቦምቡ ውስጥ ከነበረው ሊቲየም የሚበዛው ሊቲየም 7 የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ የሠሩት ሰዎች ይሄኛው ለፍንዳታው ምንም አይጨምርም ብለው አስበው ነበር። ጨመረ።

ነፋሱም አለ። በዋዜማው ሌሊት የመጣው የአየር ትንበያ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሮንጌላፕ አቅጣጫ እየሄደ መሆኑን ያሳይ ነበር። ሙከራው ግን አልተሰረዘም።

ሰው ይኖርባት የነበረችው የሮንጌላፕ ደሴት ከፍንዳታው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያ ቀን እዚያ የነበሩት 64 ሰዎች ናቸው። ሌሎች 18 የሮንጌላፕ ሰዎች ደግሞ ምግብ ለመሰብሰብ ጎረቤት ወዳለችው አይሊንጊናኤ ተሻግረው ነበር። መጀመሪያ በምዕራብ በኩል ሰማዩ በራ፤ ከዚያ ድምፁ መጣ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነጭ ዱቄት ከሰማይ መዝነብ ጀመረ፣ የተፈጨ ኮራል ነው፣ ጨረር ያዘለ፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል፣ የመጠጥ ውሃው ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ተጫወቱበት። ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለማ። ማታውኑ ማስታወክ፣ ማሳከክና ዓይን ማቃጠል ጀመራቸው።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚህ በኋላ ያለው የሰዓት ሂሳብ ነው። ከሮንጌላፕ ወደ ምሥራቅ ባለችው ሮንጌሪክ 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ፤ ማርች 2 በአውሮፕላን ወጡ። በዚያው ቀን ሁለት አሜሪካውያን ሮንጌላፕ ደርሰው ጨረሩን ለኩ፣ ውሃውን እንዳትጠጡ ብለው ሄዱ። ሰዎቹ ግን አንድ ሌሊት አደሩበት። ፊሊፕ የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፈጣን የጦር መርከብ (ዲስትሮየር) የመጣችው ማርች 3 ጠዋት ነው። አረጋውያንና የታመሙ 16 ሰዎች በአውሮፕላን ሄዱ፣ የቀሩት 48 መርከቧ ላይ ወጡ፣ ባዶ እጃቸውን። ፊሊፕ በዚያው ቀን አይሊንጊናኤ ሄዳ 18ቱንም አነሳች። በማግስቱ ሬንሾ የተባለች ሌላ መርከብ፣ ከዚያም ርቃ ካለችው ኡትሪክ ከ150 በላይ ሰዎችን አወጣች።

በ1946 ቢኪኒ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሲደረጉ የሮንጌላፕን ሰዎች አስቀድሞ ወደ ሌላ አቶል ያሸሿቸው ያው ባሕር ኃይሉ ነበር። እነዚያ ቦምቦች ከብራቮ ጋር ሲተያዩ ትንንሽ ናቸው። ስለዚህ ማውጣት ያልታሰበ ነገር አልነበረም። ሆን ተብሎ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። ለእኔ ግን አስቀድሞ አለመንገሩ ብቻውን ከባድ ጥፋት ነው።

ሰዎቹ የተወሰዱት ክዋጃሌይን በተባለው ሌላ የማርሻል ደሴቶች አቶል ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ሰፈር ነው። በየቀኑ ደጋግመው ታጠቡ፤ ሆኖም ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ቆዳቸው እየቆሰለ፣ ፀጉራቸው እየረገፈ መጣ። ሐኪሞች አከሟቸው፣ አጠኗቸውም። ጥናቱ ፕሮጀክት 4.1 የሚል ስም ነበረው። ሕክምናና ጥናት በአንድ እጅ መሆኑ የሰዎቹን እምነት ክፉኛ ጎዳው፤ ብዙዎቹ መሞከሪያ አደረጉን ብለው ነው የኖሩት።

በ1957 አገራችሁ ለኑሮ ደህና ነው ተብለው ተመለሱ። ጨረሩ ግን አፈሩ ውስጥ ነበር፣ ኮኮናቱ ውስጥም። ከ1963 ጀምሮ የታይሮይድ ዕጢ እብጠት ይታይ ጀመር፤ ብራቮ ሲፈነዳ ከ10 ዓመት በታች ከነበሩት ልጆች አብዛኞቹን ያዘ። የዓመት ልጅ ሳለ አመዱ የደረሰበት አንድ ወጣት በ1972 በደም ካንሰር ሞተ።

በመጨረሻ ራሳቸው ወሰኑ። የምክር ቤት ተወካያቸው ጄቶን አንጃይን መንግሥታትን ለምኖ ሲያጣ ግሪንፒስ የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጠየቀ። በሜይ 1985 ሬይንቦው ዋሪየር የተባለችው የድርጅቱ መርከብ እየተመላለሰች ከ300 በላይ ሰዎችን ክዋጃሌይን አቶል ውስጥ ወዳለችው ሜጃቶ ወሰደች። በዚህኛው ጉዞ እጃቸው ባዶ አልነበረም፦ ቤታቸውን ፈታተው፣ እንጨቱንና ቆርቆሮውን መርከቧ ላይ ጭነው ሄዱ።