ማር ብላ፣ የሚበቃህን ያህል

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ስለ ቁጣው ወይም ስለ ገንዘብ ፍቅሩ «ጸልዩልኝ» ለማለት የማያፍር አማኝ ስለ ቸኮሌትና ስለ ጣፋጭ አምሮቱ ሲሆን አፉን አይከፍትም። «ይህም ተይዞ እግዚአብሔር ፊት ይቀረባል እንዴ?» ይላል። አዎ፣ ይቀረባል። በየቀኑ እየተመላለሰ የሚጎትተን፣ ማታ ደግሞ በራሳችን እንድንናደድ የሚያደርገን ነገር ትንሽ ነው ብዬ አላምንም። የዕለት እንጀራችንን እንድንለምን ያስተማረን ጌታ ስለምንበላው ነገር መስማት አይሰለቸውም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናጥራ፤ ጣፋጭ በራሱ ጠላት አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌ 24፥13 አባት ልጁን ማር ብላ፣ መልካም ነው ይለዋል። 25፥16 ላይ ማር ባገኘህ ጊዜ የሚበቃህን ያህል ብላ ይላል፤ ከዚያ ካለፈ ያስተፋሃል። ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ቁጥር 27 ላይ፣ ብዙ ማር መብላት መልካም እንዳልሆነ ይነግረናል። ማሩ ያው ማር ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ብቻ ነው። በምድረ በዳ የወረደው መናም ጣዕሙ ማር ማር ይል ነበር (ዘጸ. 16፥31)። እግዚአብሔር ሕዝቡን ሲመግብ ጣፋጭ አድርጎ መገበ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሰው ጎሞር በሚባል መስፈሪያ ተሰፈረ፤ ለነገ ተብሎ የተረፈውም ተልቶ ሸተተ። ጣዕሙም ልኩም የመጡት ከአንድ እጅ ነው። ስለዚህ ጣፋጭ የቀመሰ ሁሉ በደለ የሚል ትምህርት ስሰማ አልቀበለውም። «አትንካ፣ አትቅመስ» የሚለው ሥርዓት ጥበብ ቢመስልም የሥጋን ምኞት ለመግታት እንደማይጠቅም ጳውሎስ በቆላስይስ 2 በግልጽ ጽፏል።

የሚበቃኝ ስንት ነው ለሚል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለውንም ጨምሮ፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ይላል፤ ይህም ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ገደማ፣ ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ቁጥሩን የጠቀስኩት በሕግ እንድትታሰሩበት ሳይሆን ልክ የሚባል ነገር እንዳለ እንድታዩት ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12 ላይ ያለው ነው። ሐዋርያው ሁሉ ተፈቅዶልኛል ካለ በኋላ፣ በእኔ ላይ ግን አንድ ነገር እንኳ አይሰለጥንብኝም ይላል። አንድ ቁራሽ ቀምሼ የቀረውን ማስቀመጥ ከቻልኩ እሰየው። ሳጣው ከቤተሰብ ጋር የምጣላ፣ ሳላስበው እጄ ወደ እሱ የሚሄድ ከሆነ ግን አዛዡ እኔ አይደለሁም።

ታዲያ ምን እናድርግ? 1ኛ ነገሥት 19ን ገልጣችሁ ኤልያስን ተመልከቱት። ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ዝሎ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ግን አልገሠጸውም። ነቢዩ ተኛ፤ መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፤ ደግሞ ተኛ፤ መልአኩም ተመልሶ መጥቶ አበላው። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ሰውነቱ እንክብካቤ ካገኘ በኋላ ልቡ ተጠየቀ። ይህ ቅደም ተከተል ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው። ከእምነታችን መድከም የመጣ የሚመስለን አምሮት ብዙ ጊዜ የተዘለለ ቁርስና ያነሰ እንቅልፍ ውጤት ነው። እንቅልፍ ሲያንስ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ከፍ፣ ጥጋብን የሚናገረው ዝቅ ሊል ይችላል። በባዶ ሆድ ጣፋጭ የበላ ሰው ስኳሩ በደሙ ውስጥ ቶሎ ከፍ ይልና ቶሎ ይወርዳል፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ያምረዋል። ቸኮሌት ደግሞ ስኳርንና ስብን አንድ ላይ ስለሚይዝ አንድ ቁራሽ ሌላውን ይጠራል። እንግዲህ አምሮትን ሁሉ እንደ ርኩስ መንፈስ ለመገሠጽ አንቸኩል። ዛሬ በደንብ በልቻለሁ ወይ? ተኝቻለሁ ወይ? ብሎ መጠየቅም መንፈሳዊ ነገር ነው። ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ አትክልት ያለበትን ምግብ በሰዓቱ መብላት ከብዙ ትግል ያድናል።

ሰውነቱ ጠግቦ፣ አርፎ ሳለ አምሮቱ ከመጣ ግን ልብን እንጠይቅ። ከጠብ በኋላ፣ ከስድብ በኋላ፣ ማንም በማይደውልበት ምሽት የሚያምረን መጽናናት ነው፤ ቸኮሌቱ ቅርብ ስለተገኘ ነው የምናነሣው። ዳግመኛም አምሮት ይነሣል፣ ይበረታል፣ ብዙውን ጊዜ ሳንሰጠውም ይበርዳል። በዚያች መሐል መዝሙር 42ን ድምፃችሁን አውጥታችሁ ጸልዩ፦ «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ?» ያሳዘናችሁን ነገር ለእግዚአብሔር በስሙ ጥሩለት። ከቤት ወጣ ብላችሁ ጥቂት ተራመዱ። «ወደ ፈተና አታግባን» ብሎ የጸለየ ሰው ደግሞ ከረሜላውን ከአልጋው አጠገብ አያስቀምጥ፤ ከዓይን ማራቅ ለራስ ጸሎት መልስ እንደ መስጠት ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን መደበቁ ነው። ብቻውን የሚበላ፣ መጠቅለያውን የሚሸሽግ፣ ከዚያም ራሱን ለመቅጣት በማግሥቱ ምግብ የሚከለክል አማኝ አለ። ቅጣቱን ጾም ይለዋል። ጾም ግን ራስን መጥላት አይደለም፤ እግዚአብሔርን መፈለግ ነው። የተቀጣው ሰውነት ደግሞ ተርቦ ማታ የባሰ ይፈልጋል፤ የባሰ ይበላል፤ የባሰ ያፍራል። ይህን ዙር የሚሰብረው ጥብቅ ሕግ ሳይሆን ብርሃን ነው። ለአንድ ለምታምኑት ሰው፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለመጋቢ ተናገሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ መብላቱ ከቁጥጥር ውጭ ከሆነ፣ ወይም የበሉትን ማስመለስ ከተጨመረበት፣ ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነውና ሐኪም ጋ ሂዱ። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። የስኳር ሕመምተኞች ሆይ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ስኳር ወርዶ ሰውነታችሁ ሲንቀጠቀጥና ሲያልባችሁ ጣፋጭ መውሰድ መድኃኒታችሁ ነው። በዚያ ሰዓት «ፈተና ነው» ብላችሁ አትታገሡ፤ ወዲያው ውሰዱ።

በነህምያ 8 ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ፣ ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩ ተባለ። ጣፋጩ በዚያ ቀን የተበላው በግልጥ፣ በአንድነትና በምስጋና ነበር። በዚህ ሳምንት ጣፋጭ ካማራችሁ ለብቻ አትብሉት፤ ቁጭ ብላችሁ፣ ባርካችሁ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተካፈሉት። እንደዚህ ስትበሉት የሚበቃችሁ ምን ያህል እንደሆነ አስተውሉና በጸሎት ስንገናኝ ንገሩን።