ኦዲሴየስ ፈተናዎቹን የሚተርከው መቼ ነው?

ስለ ጥንታዊው ግሪካዊ ገጣሚ ስለ ሆሜር ግጥም «ኦዲሲ» በተወያየን ቁጥር ጀግናው ኦዲሴየስ ከትሮይ ጦርነት ተነሥቶ ፈተናዎቹን በተራ እያለፈ አገሩ ኢታካ ሲደርስ የምናነብ የሚመስላቸው ብዙዎች ስለሆኑ፣ የአተራረኩን ቅደም ተከተል ማብራራት ያስፈልጋል። ግጥሙ 24 መጻሕፍት (ክፍሎች) ሲኖሩት፣ የሚጀምረው ግን ጉዞው ሊያበቃ ሲቃረብ፣ ኦዲሴየስ በአምላኪቱ በካሊፕሶ ደሴት ታግቶ ሳለ ነው። አብዛኞቹን የባሕር ላይ ፈተናዎች የምንሰማው ከመጽሐፍ 9 እስከ 12፣ በንጉሥ አልኪኖስ ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲተርክ ነው።

ለምሳሌ የባሕሩ አምላክ ፖሳይዶን የተቆጣው ልጁ፣ ባለ አንድ ዓይኑ ግዙፍ ፖሊፌመስ፣ በኦዲሴየስ እጅ ስለታወረበት መሆኑ በመጽሐፍ 1 ይነገረናል፤ ድርጊቱ ራሱ ግን፣ ማለትም የሾለው የወይራ ግንድ በእሳት ግሎ በግዙፉ ብቸኛ ዓይን ውስጥ ሲሰካ፣ ኦዲሴየስም ካመለጠ በኋላ ከመርከቡ ላይ ስሙን በኩራት ጮኾ ተናግሮ እርግማን ሲያተርፍ፣ የሚተረከው በመጽሐፍ 9 ነው። በእኔ እይታ ከፈተናዎቹ ሁሉ የከበደው ይህ ኩራቱ ነው።

እስካሁን ያልነው በግጥሙ በግልጽ የሰፈረ ሲሆን፣ ኦዲሴየስ በተረኩ አጋኗል ወይስ አላጋነነም የሚለው ግን ከአንባቢ አንባቢ ይለያያል፤ ሆኖም የፖሊፌመስ መታወርና የፀሐይ አምላክ ከብቶች በኦዲሴየስ ባልደረቦች መበላት ከእርሱ አፍ ውጭ አስቀድመው በመጽሐፍ 1 ተጠቅሰዋል።